የእምዬ ጋን ከእንጦጦ ስትወርድ

ለመሆኑ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጋን አዛውረው ያውቃሉ? እንስራ አላልኩም። እንስራማ በጀርባ ይታዘላል። እኔ የምለው ያንን ሆደ ሰፊውን፣ አንድ ጊዜ ጓዳ ጥግ ከተተከለ በኋላ እንደ ግድግዳ የሚቆጠረውን ጋን ነው። አዛውረው የማያውቁ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ይቀመጡና ያዳምጡኝ። አዛውረው ከሆነም ይቀመጡ፤ ወገብዎን ሳያምዎት አይቀርም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። የካ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚሁ ሙያዬ የሚመነጭ ስለሆነ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሌላው ሰው ይጠለላል፤ እኔ ግን ለተጠለሉት ሰዎች ዝናብ ከየት እንደሚመጣ አስረዳለሁ። እጮኛዬ መርሻ ለጋብቻ ሲጠይቀኝ እንኳ «ጥያቄህ ሁለት ክፍል አለው» ብዬ ስጀምር፣ እሱም አስተማሪ ነውና ጠባዬን ያውቃል፣ «እሺ ወይም እምቢ በይኝ» ብሎ አቋረጠኝ። እሺ አልኩት። ሁለተኛውን ክፍል እስከ ዛሬ አልሰማውም።

ሠርጋችን ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ሠርግ ከተቆረጠ ጠላ ይጠነሰሳል፤ ጠላ የሚጠነሰሰው ደግሞ በጋን ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ በማንም ጋን አይደለም። የእናቴ እናት፣ እኛ እምዬ የምንላቸው፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ይኖራሉ። ጓዳቸው ውስጥ ያለችውን ጋን የሰጧቸው የገዛ እናታቸው ናቸው፤ የእምዬ የሠርግ ጠላ የተጠመቀው በእሷ ነበር። እምዬም በተራቸው ለእናቴ ሠርግ ጠምቀውባት «በይ እንግዲህ ያንቺ ናት» አሏት። ነገር ግን እናቴ አግብታ የካ ስትወርድ የተከራየችው ክፍል በሩ ጠባብ ሆነና ጋኗ እዚያው እንጦጦ ቀረች። «ቤት ስትሠሪ ትወስጃታለሽ» ተባለ። እናቴ ቤት እስክትሠራ እኔ ተወልጄ፣ አድጌ፣ ተምሬ፣ ሌሎችን ማስተማር ጀመርኩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋኗን ሲንከባከቡ የኖሩት ከእምዬ ጋር የሚኖሩት የአጎቴ ሚስት እትዬ አስካለ ናቸው። በግራዋ ቅጠል አጥበዋታል፣ በወይራ አጥነዋታል፣ ለጎረቤት ሠርግ አውሰዋታል፤ ስትመለስም እንደ ሐኪም ዙሪያዋን ዳስሰው ተቀብለዋታል። ስለዚህ ልወስዳት ስሄድ ደስ አላላቸውም።

«ለዚች?» አሉ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ። «እምዬ፣ ምን ነካዎት? ይህች ልጅ እኮ ጠመኔ እንኳ ሳትሰብር አትጽፍም! ለየሺ ትቆይላት እንጂ።»

የሺ ልጃቸው ናት። ገና እጮኛ እንኳ የላትም።

«ጠመኔ የሚሰበረው» አልኩ፣ «ሙሉው ሰሌዳ ላይ ሲሄድ ሲጥ ሲጥ ስለሚል ነው። ይኸውም ከርዝመቱ የተነሣ...»

«አዩልኝ! ደግሞ ታስረዳለች!»

እምዬ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ፈረዱ። «አስካለ፣ በቃሽ። አንቺም በቃሽ። ጋኗን አውርጃት። የጥንስሱ ዕለት እኔ ራሴ የካ እመጣለሁ። ደህና ሆና ከጠበቀችኝ ያንቺ ናት። ካልሆነ ግን እዚህ ትመለስና ለየሺ ትቆያለች፤ አንቺም በበርሜል ጠንስሺ።»

በበርሜል! የሠርግ ጠላ በበርሜል! ይህን ለመርሻ ስነግረው «በርሜል ምን አለው? አይሰበርም» አለኝ። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ጥግ አቆመው ነበር። የእምዬ እናት፣ እምዬ፣ እናቴ፣ ከዚያ በርሜል። የሴቶቻችን ሐረግ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆርቆሮ ሊሆን ነው! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ አሳብ አልነበረኝም፤ ጋኗ ያለ አንዲት ጭረት የካ መግባት አለባት።

በሥርዓት አሰብኩበት። አህያ? በአንድ ጎን ጋን ሲጫን በሌላው ጎን እኩያዋ መኖር አለበት፤ የዚህችን ጋን እኩያ ከየት አመጣለሁ? ሴቼንቶ ታክሲ? ዳገቱን አይወጣም፤ ቢወጣም ወይ ጋኗ ትገባለች ወይ ሾፌሩ። በመጨረሻ መልሱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ቃሬዛ! ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መካከሉ በጠፍር የተጠላለፈ፣ ከላዩ ገለባ። ጋኗንም ቆማ ሳይሆን በጀርባዋ ተኝታ እንወስዳታለን። የተኛ ነገር አይወድቅም፤ ቀድሞውኑ ወድቋልና። ይህን ለመርሻና ለጓደኛው ለስፖርት አስተማሪው ለግርማ አስረዳኋቸው። ግርማ «ገባኝ፣ ማን ነው የሚሸከመው?» አለ። እኔ ሰፊ ትከሻውን አየሁ። ከዚያ ገባው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋኗ ከጓዳ ወጣች። እምዬ አንገቷንና ከንፈሯን በአሮጌ መቀነት ጥምጥም አድርገው አስረውታል። መቀነቱ የእናታቸው ነበር።

«ይህን እንዳትፈቺው» አሉኝ።

«ለምን?»

«እንዳትፈቺው አልኩሽ።»

ለአስተማሪ ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ነው። ሆኖም ቻልኩት። እምዬ ቀጥለው «ዓይን እንዳይበላት ሸፍኗት» ብለው የራሳቸውን ጋቢ ጣል አደረጉባት። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደ ለቅሶ ሸኙን።

እስቲ እርስዎ ከሩቅ ሆነው ይመልከቱን። ሁለት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው፣ እያለከለኩ፣ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ይወርዳሉ። ቃሬዛው ላይ ነጭ ጋቢ፤ ከጋቢው ሥር ሰማይ ያከለ ሆድ። በራስጌ በኩል በጨርቅ የተጠመጠመ ነገር ብቅ ብሏል። ከኋላ አንዲት ወጣት ሴት ጥላ ይዛ «ቀስ! እንዳትነቀንቋት! ሆዷን ጠብቁ!» እያለች ትከተላለች።

እኔ ይህ አልታየኝም። ከደኑ ውስጥ እንጨት ተሸክመው የሚወጡት ሴቶች ግን ታያቸው።

«ማርያም ማርያም!» አለች የፊተኛዋ።

«ማርያም ማርያም!» አሉ የኋለኞቹ፤ ሸክማቸውን መንገድ ዳር ጥለው ወደ እኛ ሮጡ።

«ምጡ መቼ ጀመራት?» አለችኝ አንዷ ክንዴን ይዛ።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ጋን ናት» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ። እኔ ግን ነገርን ከሥሩ ማስረዳት እወዳለሁ። «ቆዩ፣ ላስረዳችሁ» አልኩ። «ነገሩ የሚጀምረው ከአያቴ እናት ነው። ከእሳቸው ወደ አያቴ መጣ፤ ከአያቴ ወደ እናቴ፤ አሁን ደግሞ...»

«ውይ! የዘር ነው አሉ!» አለች ወደ ጓደኞቿ ዞራ። «ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ነው የሚያስቸግራቸው!»

«ማርያም ማርያም!»

ከመካከላቸው ያሉት አዛውንት፣ በኋላ እማማ ጫልቱ እንደሚባሉ ያወቅናቸው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ፊት መጡ። «ወንዶች፣ ዘወር በሉ!» መርሻና ግርማ ይህን ትእዛዝ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን በደስታ የፈጸሙት አይመስለኝም። ቃሬዛውን አስቀምጠው ዛፍ ሥር ተዘረጉ። ሴቶቹ ዙሪያውን በነጠላ ከለሉ። እማማ ጫልቱ በአማርኛም በኦሮምኛም እያጽናኑ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደው ሆዷን ዳበሱ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ።

«ቀዝቅዛለች!» አሉ።

ሴቶቹ እሪ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ ጫልቱ ጋቢውን ገለጡት። አንዲት ወፍ ብቻ ትጮሃለች። እማማ ጫልቱ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ።

«ጋን ናት» አሉ።

«ልነግራችሁ ስል ነበር» አልኩ።

«መቼ? ከቀበርናት በኋላ?»

ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። አንዷ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች፤ ሌላዋ «ወንድ ትሆን ሴት?» ትላለች፤ ግርማም ከዛፉ ሥር «መንታ ናት፤ ክብደቷን እኔ አውቃለሁ!» ብሎ መለሰ። እማማ ጫልቱ ግን አልሳቁም። ጋኗን ዞር ብለው አዩ፤ ጎኗ ላይ ያለውን የጭስ ምልክት ዳሰሱ።

«ይህችማ የኪዳነ ምሕረቷ ጋን ናት!» አሉ። «ትልቋን ልጄን የዳርኩባት! አስካለ ናት ያዋሰችኝ። ባዶዋን ነው እንዴ የምታወርዷት?»

«ባዶ ዕቃ ይቀላል» አልኩ። «ክብደት ሲጨምር...»

«የሙሽራ ጋን ባዶዋን ከቤት ቤት አትሄድም!» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ምሳቸው የነበረውን ቆሎ፣ አፏ ላይ የወተፍነውን ሣር አንሥተው፣ ከተቱባት። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። እማማ ጫልቱ እንጨታቸውን ለጓደኞቻቸው አደራ ብለው ፊት ፊታችን መውረድ ጀመሩ፤ በየደረስንበት አጥር እየቆሙም ይጣራሉ። «ኑ ውጡ! ያቺ ጋን ልትሞሸር ነው!»

ከእንጦጦ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ በዚያች ጋን ያልዳረች ሴት ያለች አልመሰለኝም። አንዷ ጌሾ አመጣች፤ አንዷ ብቅል፤ አንዷ «እኔ የምሰጠው የለኝም» ብላ ጋኗን ስማ ተመለሰች። እያንዳንዷ ነገር ስትገባ መርሻ ያቃስታል። «ይህ የሳይንስ ትምህርት ነው» አልኩት ላጽናናው። «ክብደት ማለት...» «አውቃለሁ ምን ማለት እንደሆነ!» አለኝ። ድምፁ እንደ እጮኛ አልነበረም።

በመጨረሻ አንዲት ወይዘሮ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዘው ብቅ አሉ። እንዲተዉት ለምነናቸው ነበር። «ለሙሽራ ጋን ቀርቶ ለእንግዳ ጋንም ዶሮ አልነፍግም» ብለው ጋን ውስጥ አስገቧት። ዶሮዋ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ፣ ቤቱን ሳትወደው አልቀረችም፣ ትጮህ ጀመር። በጋን ውስጥ የሚጮህ ዶሮ ሰምተው ያውቃሉ? እንደ ዶሮ አይደለም የሚሰማው። እንደ ትልቅ ሰው ቅሬታ ነው።

የደን ጠባቂው ያስቆመን በዚህ ጊዜ ነው። ዱላውን ዘርግቶ «ቁም!» አለ። ጋኗ «ቋ! ቋ!» አለች። እኔ ስለ ጩኸቱ ይጠይቀናል ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ጋቢውን ዞር ብሎም አላየው።

«ይህን ባሕር ዛፍ ከየት ቆረጣችሁት?» አለ ወደ ቃሬዛው እንጨት እያመለከተ። «ይህ እኮ እርጥብ ነው! አዲስ ቆረጣ ነው!»

«ጌታዬ፣ ጋን ነው የተሸከምነው» አለ ግርማ።

«የፈለጋችሁትን ተሸከሙ። እንጨቱን ነው የጠየቅኋችሁ።»

«ቋ!» አለች ጋኗ።

«ላስረዳ» አልኩ። መርሻ ዓይኑን ጨፈነ። እንጨቱ የተቆረጠው ከእምዬ ግቢ መሆኑን፣ ግቢው እንዴት የእምዬ እንደሆነ፣ ባሕር ዛፍ በባሕርዩ ከተቆረጠበት ጉቶ ተመልሶ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ስለዚህም ቆረጥን ማለት አጠፋን ማለት እንዳልሆነ አስረዳሁት። ቅጠሉ ለጉንፋን ስላለው ጥቅም ስደርስ ጠባቂው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስለ ሥሩ ስጀምር ተነሣ።

«እቴ፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ፣ ሂጂልኝ» አለ። «ዶሮዋ ትሻለኛለች።»

እንዲህ ሆነን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የካ እናቴ ደጅ ገባን። ጋኗን አቆምናት፤ ዙሪያዋን ዳሰስኩ። አንዲት ጭረት የለም! እናቴ እጇን እስከ ትከሻዋ ሰዳ ዶሮዋን አወጣች፤ ደግማ ሰደደችና ደግሞ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ትኩስ እንቁላል ነበር። እማማ ጫልቱ፣ እስከ ቤት ድረስ የሸኙን እሳቸው ናቸው፣ እንቁላሉን ሲያዩ «አላልኩም? ምጥ ነው ብያለሁ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ እንደ ጀግና እተርፍ ነበር።

የጥንስሱ ዕለት ቤታችን በሴቶች ሞላ። እምዬ በበቅሎ ወረዱ፤ እትዬ አስካለ ከኋላቸው። እምዬ ጋኗን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መቀነቱ እንደታሰረ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ ዙሪያዋን ዳሰሷት፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ምንም አላገኙም። «እንግዲህ...» አሉ በግድ፣ «እንግዲህ ደህና አውርዳታለች።»

ዝም ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ከእንዲህ ያለ ድል በኋላ ዝም የሚል አስተማሪ አሳዩኝ! ጥላዬን አንሥቼ ጋኗ አጠገብ ቆምኩ፤ ልክ ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ። ስለ ቃሬዛው፣ ስለ ገለባው፣ የተኛ ነገር ስለማይወድቅበት ምክንያት አስረዳሁ። ሴቶቹ በትሕትና አዳመጡኝ፤ አንዷ እንዲያውም አዛጋች።

«ጤነኛ ጋን በድምጿ ትታወቃለች» አልኩ። «ስሙ!» በጥላዬ እጀታ ሆዷን መታ አደረግሁ። ዱም! አለች፤ ደስ የሚል፣ የጠገበ ድምፅ። ሁሉም ሰማ። ሁሉም አመነ። አስተማሪ ግን ትምህርቱን ሳይደግም አያልፍም። «እንደገና፣ አሁን ደግሞ ከላይ በኩል» አልኩና ከንፈሯን መታሁ።

ቀጭ!

ከመቀነቱ ሥር አንዲት የሸክላ ስባሪ ተንሸራትታ እግሬ ሥር ወደቀች።

እዚያ ቤት ውስጥ ምን ያህል ጸጥታ እንደሆነ ማስረዳት አልችልም፤ እኔ ማስረዳት አልችልም ካልኩ ይገምቱት። ጥላዬ ከእጄ ወደቀ። የበርሜሉ ቆርቆሮ በዓይኔ ላይ ሲያብረቀርቅ ታየኝ።

«አላልኩም!» አሉ እትዬ አስካለ፣ በደስታ ይሁን በኀዘን እርግጠኛ ሳይሆኑ። «አላልኩም እምዬ! ያ ሁሉ ገደል ያልሰበራትን ይኸው በወሬ ሰበረቻት!»

እንባዬ መጣ። «እምዬ» አልኩ፣ «ይቅር ይበሉኝ፤ ትመለስ፤ ለየሺ...»

እምዬ መልስ አልሰጡኝም። መቋሚያቸውን ለእናቴ አቀብለው ጋኗ አጠገብ ተንበረከኩና መቀነቱን ይፈቱ ጀመር። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። መጨረሻው ሲወርድ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

የጋኗ ከንፈር ሙሉ አልነበረም። ከእኔዋ ሌላ ሦስት ቦታ ተሸርፏል፤ ሦስቱም አሮጌ፣ በጭስ የጠቆሩ፣ ጠርዛቸው በብዙ እጅ የለሰለሰ።

«ይህች የእናቴ ናት» አሉ እምዬ ጣታቸውን በአንደኛው ላይ አድርገው። «ዝናብ ሲመጣባት ከደጅ ስትጎትታት ከደፉ ጋር አጋጨቻት። ይህች የእኔ ናት። አያትሽ ላይ ዘነዘና ወርውሬ። እሱ ጎንበስ አለ፤ እሷ ጎንበስ አላለችም።» ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ። «ይህች ደግሞ...»

«እማዬ!» አለች እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። «ይተዉት እባክዎ!»

«ይህች የእናትሽ ናት። ሠርጓ ሳይደርስ ተደብቃ ልትቀምስ በጣሳ ስትጨልፍ።» ዞረው አዩኝ። «እናቴ በችኮላ፣ እኔ በንዴት፣ እናትሽ በሆዳምነት። አንቺ ደግሞ በማስረዳት! ጠላ መያዝ አቃታት እንዴ? ደህና ሆና ከጠበቀችኝ ነው ያልኩት፤ ደህና ናት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ አስካለ ብቻ አልሳቁም። ስባሪዋን ከእግሬ ሥር አንሥተው ይዘዋል።

«እኔ ይህን ሁሉ ዓመት» አሉ፣ «እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄያት፣ አንዲት ጭረት ሳላወጣባት...»

«ለዚያ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ እምዬ። ልጄ ሲሏቸው ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁ። «በሰው ቤት ዕቃ የማይሰብር እንግዳ ነው። እኔ ቤት እስከ መቼ እንግዳ ሆነሽ ልትኖሪ ነው?»

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ጥላዬን አነሡ።

«ዘወር በሉልኝ!» አሉ። «እኔም አንድ አለኝ!»

ሦስት ሴቶች ወገባቸውን ይዘው አስቀሯቸው። እምዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለየሺ ሠርግ!» አሉ። «ለየሺ ሠርግ ተመልሳ ትወጣና ያን ጊዜ ተራሽ ነው፤ እስከዚያ ታገሺ!» እትዬ አስካለም ጥላውን መልሰውልኝ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና «በይ ነይ፣ ጌሾውን አቀብዪኝ፤ ጥንስስ በንግግር አይጠነሰስም» አሉኝ። ያን ቀን በሙሉ ከጎናቸው አልለየሁም። የሚሉኝንም ብቻ ሠራሁ።

እምዬ ስባሪዋን ተቀብለው በመቀነቱ ጫፍ ቋጠሯት። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ መቀነቱ ጫፍ ላይ ሌሎች ሦስት ቋጠሮዎች ነበሩ። መልሰው አንገቷ ላይ ጠመጠሙት።

ጠላው እንዴት እንደወጣ ሰምተው ይሆናል፤ የሠርጉ እንግዶች እስከ አሁን ያወሩታል። መርሻም ጋኗን ወዷታል። ደስታውን ያደፈረሰበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለየሺ ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ተልኳል፤ እናም ጋኗ ወደ እንጦጦ መመለስ አለባት። ሽቅብ።

እርስዎም እባክዎ ይሞክሩት። በሚመጣው እሑድ እናትዎ ቤት ይሂዱ። ጓዳ ይግቡና ከንፈሩ የተሸረፈ፣ ጆሮው የወለቀ፣ እግሩ የተሰነጠቀ ዕቃ ይፈልጉ፤ አይጠፋም። «ይህን ማን ሰበረው?» ብለው ይጠይቁና ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አያስረዱ። ጥላዎንም ደጅ ይተዉት።